የስድስተኛው አልጋ ቅቤ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለራሴ ካወጣኋቸው ሕጎች አንዱ ባጃጅ ውስጥ መሐል ላይ አለመቀመጥ ነው። ጉልበቴ አይወደውም፤ እኔም ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቄ መሄድ አልወድም። ባለፈው ሰሞን ግን የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሶዶ ከነጓዟ ገበያ ወጥታ ስለነበር፣ ሕጌን ሽሬ መርካቶ ላይ በሁለት ሰው መካከል ገባሁ። በግራዬ ሁለት ዶሮ ቁልቁል የያዘ ወፍራም ሰውዬ ነበር። በቀኜ ደግሞ ነጠላ የለበሰች፣ መነጽር ያደረገች፣ ሁኔታዋ ሁሉ አስተማሪ አስተማሪ የሚል ሴት፤ ጭኗ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ነገር አስቀምጣለች። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከኮባው ውስጥ ሽታ ብቅ ይላል። ለጋ ቅቤ ነው። ትኩስ ከተቆረጠ የእንሰት ቅጠል ጋር የተዋሐደ ቅቤ ሽታው ሌላ ነው፤ በላስቲክ ተቋጥሮ እንደሚሸጠው እንደ ዛሬው አይደለም። ዕድሜዬን የአራስ ቅቤ በሚገባበት ማዋለጃ ክፍል የፈጀሁ ሰው ነኝና የቤሌን ቅቤ ከበዴሳው በአፍንጫዬ እለያለሁ ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ይሄ የቤሌ ነበር።

“እንኳን ማርያም ማረቻት!” አልኩ፣ እንደ ልማዴ ድምፄን ሳልቀንስ። “ማን ወለደች?”

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ።

“የወለደ ሰው የለም፣ ሲስተር” አለች።

ሲስተር መባሌ አልገረመኝም። የዚህን ከተማ ግማሽ ሕዝብ እትብት የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የባጃጁ ሹፌርም መልኩ አዲስ አልሆነብኝም። የገረመኝ መልሷ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት እኔው ራሴ፣ እንዲህ ባለ ቅቤ ፊት፣ ይህንኑ ነገር በሌላ ድምፅ ተናግሬው አውቃለሁ። ባጃጁ ወደ አራዳ ሲያቀና የእኔ ሐሳብ ወደዚያ ሄደ።

ዘመኑን በቁጥር አልጠራውም፤ ቁጥር ዕድሜዬን ያስቆጥርብኛል። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ አሥር ሳንቲም የነበረበት፣ የቀበሌ ስብሰባ የማያልቅበት ዘመን ነው ካልኩ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያኔ ሶዶን ከዳር እስከ ዳር በእግር ለማካለል ግማሽ ሰዓት በቂ ነበር። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልተወለደም፤ ሰው የሚያመላልሰው ጋሪ ነበር፣ መንገዱንም ከባለጋሪዎቹ ይልቅ ፈረሶቹ ያውቁታል። ጠዋት ዳሞታ በጭጋግ ተሸፍኖ ሲታይ ትልልቅ ሰዎች “ዛሬ ቆቡን አድርጓል፣ ይዘንባል” ይሉ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ይዘንባል። ተማሪው ሁሉ ኮንጎ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ ያ የላስቲክ ጫማ በፀሐይ እግር ይቀቅላል፣ በዝናብ ደግሞ እያፏጨ ይሄዳል። መናኸሪያው ጥግ የነበረችው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያዋን ወደ መንገድ አዙራ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ትደጋግመዋለች፤ ዘፈኑን ሳንወደው እንሸመድደው ነበር። እኔ አዲስ የተመረቅኩ ነርስ ነበርኩ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ። ጋዋኔን አራዳ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወገቡን አስጠብቤ፣ ቆቤን በስታርች አድርቄ፣ የደረት ሰዓቴን አንጠልጥዬ በዚያ መንገድ ሳልፍ የስፌት መኪኖቹ ለአፍታ ዝም ይላሉ። ማጋነን አይደለም፣ ዝም ይላሉ። አሁንም አንዳንዴ በዚያ በኩል ሳልፍ ዝም ይሉ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ አይሉም።

የሠራሁበት ሐኪም ቤት ስም ይቆየን። ጥፋቱ የአፌ እንጂ የቤቱ አልነበረም። ሥራዬን እወድ ነበር፣ ጎበዝም ነበርኩ፤ በአንድ ቀን አራት ሴት አዋልጄ አምስተኛዋን ሳላማርር እቀበላለሁ። በሌላ ነገርም ጎበዝ ነበርኩ፤ ይሄን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም የምሄደው ያንን ለመናገር ነው። በዚያን ጊዜ ፅንስ ለማስወረድ ሞክረው ደም እየፈሰሳቸው የሚመጡ ልጆች ነበሩ። አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት የተጠጉ ናቸው። ምን እንደጠጡ፣ ማን እንደነካካቸው አይናገሩም። እኛ ደግሞ ማንም ጽፎ ያልሰጠን ልማድ ነበረን። ልጅቷ “ማን ነው ያስወረደልሽ? ከማን ነው ያረገዝሽው?” ተብላ ትጠየቃለች፤ ስም እስክትጠራ ድረስ የሕመም ማስታገሻው መርፌ ይዘገያል። ከእኔ በፊት የነበሩት “ካላመማት ነገ ትደግመዋለች” ብለው ነው ያስተማሩኝ። ትምህርቱን በደንብ ያዝኩት። መሣሪያው ተቀቅሎ እስኪወጣ ድረስ ከአንዲት ልጅ አፍ ሁለት ስም አወጣ ነበር። ጓደኞቼ “አንቺስ ፖሊስ ቤት ነበር መግባት የነበረብሽ” ሲሉኝ እስቃለሁ። ዛሬ አያስቀኝም። ያኔ ግን ደግ ሥራ የምሠራ መስሎኝ ነበር፤ ማለባበስ አልወድም።

ዓለሚቱ የመጣችው ሐሙስ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ዓለሚቱ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የቦምቤ ልጅ ስትሆን ሶዶ ላይ ከሁለት ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። የዚያን ጊዜ የገጠር ተማሪ ኑሮ የታወቀ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አባት ወይም ወንድም ለሳምንት የሚሆን ቆጮ፣ ስኳር ድንች፣ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር፣ ከተገኘም ትንሽ ዳታ፣ የበርበሬ ድልህ፣ በብልቃጥ ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹ ያንን አብቃቅተው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርሳሉ። የዓለሚቱ አባት ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ላይ ሆኖ ነበር የሚመጣው። ከመንደሩ ሴት ልጁን ሶዶ ድረስ ልኮ ያስተማረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ብዙ ሰው ስቆበታል፣ እሱ ግን አንድ ቅዳሜ እንኳ ቀርቶ አያውቅም።

ጓደኛዋ ደግፋ ከጋሪ አወረደቻት። የትምህርት ቤት ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራለች፤ በአንድ እግሯ ኮንጎ ጫማ አለ፣ ሌላው ጋሪው ላይ ቀርቷል። ከንፈሯ ነጥቷል። ጊዜ እንደሌላት ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ልማዴን ጀመርኩ።

“ማን ነው?” አልኳት።

“ሲስተር፣ አባቴ እንዳይሰማ” አለች።

“እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። ማን ነው?”

“ሌላ ምንም አልልም። አባቴ ብቻ እንዳይሰማ። ከሰማ ትምህርቴም አለቀ፣ እኔም አለቅኩ።”

መርፌው በእጄ ነበር። መድኃኒቱ ተሞልቶ፣ አየሩ ወጥቶለት፣ በእጄ። ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ ጣራውን እያየች ዝም አለች። ያን ያህል ዝም የሚል ሰው ገጥሞኝ ስለማያውቅ እልህ ያዘኝ። ሐኪሙ ገብቶ “ምን ትጠብቂያለሽ?” ብሎ ባይጮህብኝ ኖሮ ስንት ደቂቃ እንደምቆም እግዜር ይወቀው። መርፌውን ወጋኋት፣ ሐኪሙም ሥራውን ሠራ፣ ደሙ ቆመ፣ ልጅቷ ተረፈች። የቀረው ያ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም በእኔ እጅ ነበር።

ሌላ አልጋ ስላልነበረ የወለዱ ሴቶች ክፍል አስተኛኋት። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ አምስቱ ላይ እናትና ሕፃን፣ ስድስተኛው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች ልጅ። ዛሬ ሳስበው ይሄም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ያኔ ግን አልጋ ከተገኘ ሌላውን ማን ያስባል። ሴቶቹ ገብቷቸዋል። አንዷ ወተቷ እንዳይደርቅባት ፈርታ ልጇን ወደ ሌላ ጎን አዞረች፤ ሌላዋ ነጠላዋን መጋረጃ አደረገችው። ከሰዓት በኋላ የጠያቂ ሰዓት ደረሰና ክፍሉ በሰውና በገንፎ ሽታ ሞላ። እኛ አገር አራስ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ገንፎው ቅቤ ዋኝቶበት ይመጣል፣ አጥሚቱ ይመጣል፣ አንድ አልጋ ላይ ስድስት ሰው ይቀመጣል። ስድስተኛው አልጋ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም።

እማማ ማሪቱ የገቡት ያኔ ነው። ከቤሌ በሎንቺና፣ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ለብሰው፣ አምስተኛው አልጋ ላይ ያለችውን ምራታቸውን ሊጠይቁ መጡ። አጭርና ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። በኮባ የተጠቀለለ ትልቅ ቅቤ ይዘዋል፤ ይህም ዝም ብሎ ቅቤ አልነበረም። የእኛ አገር ሴቶች ለጊፋታ ብለው የቅቤ ዕቁብ ይጠጣሉ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ ተራው የደረሳት ትወስዳለች፣ በዓሉ ሲመጣ ቤቱ በዚያ ቅቤ ይደምቃል። እማማ ማሪቱ ለጊፋታ የሚያስቀምጡትን ድርሻቸውን ነው ለልጅ ልጃቸው እናት ይዘው የመጡት። ኮባውን ፈቱ፣ መረቁ፣ የምራታቸውን አናት በለጋ ቅቤ ሞሉት። ቅቤው ቀልጦ ግንባሯ ላይ ሲወርድ ምራታቸው ዐይኗን ጨፍና ሳቀች። ከዚያ እማማ ዞር ሲሉ ዐይናቸው ስድስተኛው አልጋ ላይ አረፈ።

“ይሄ ልጅ ሰው የለውም?” አሉ። እማማ ማሪቱ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነውና ወንድም ሴትም በአንድ ነበር የሚጠሩት።

መልስ ሳይጠብቁ ኮባውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ሌላውን ቅቤው ውስጥ አድርገው ወደ ዓለሚቱ ሄዱ።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ልጅቷ የወለደች መስሏቸው የተሳሳቱ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ሹክ ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር፤ ቅቤው የእኔ አይደለ! እኔ ግን ክፍሉን በድምፄ የማስተዳድር ሰው ነበርኩ።

“እማማ፣ ይተዉ!” አልኩ። “እሷ አልወለደችም። አስወርዳ ነው የመጣችው!”

የጠያቂው ሁሉ ፊት ወደ ስድስተኛው አልጋ ዞረ። ሁለተኛው አልጋ አጠገብ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠ ሰውዬ ቀና አለ። ሚስቱን ሊጠይቅ የመጣ የቦምቤ ሰው፣ እዚያ ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ዓለሚቱን አያት፤ እሷም አየችው። እስከዚያ ደቂቃ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሰውዬው እሷና አባቷ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር።

እማማ ማሪቱ አልቆሙም።

“አንተ ሲስተር” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እኔ ዐይን አለኝ። ሕፃን እንደሌለ አይቻለሁ። ደም የሄደበት ራስ ይበርደዋል። ቅቤ ‘ልጁ የታለ?’ ብሎ አይጠይቅም።”

የዓለሚቱን ሻሽ ፈቱና የቀረውን ቅቤ በሙሉ፣ የጊፋታቸውን ቅቤ፣ አናቷ ላይ አኖሩት። መርፌ ሲዘገይባት ያላለቀሰች ልጅ ያኔ አለቀሰች። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ግንባሯን እየጠረጉ በወላይትኛ አንድ ነገር አሏት፤ እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ አልሰማሁትም፣ ለእኔም አልነበረም።

ቅዳሜ አባቷ መጣ። የነገረኝ ዘበኛው ነው። የሳምንቱን ስንቅ በትከሻው ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመና “ልጄ እዚህ ተኝታለች አሉኝ፤ ምን ሆና ነው?” ብሎ ጠየቀ። ዘበኛው ዝም አለ። ዘበኛው ከእኔ ይሻል ነበር። ግን ወሬው ከሐሙስ ጀምሮ ቦምቤ ደርሶ አድሯል። ሰውዬው ግቢውን ትንሽ ተመለከተና ስንቁን እንደተሸከመ ተመልሶ ሄደ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ገብቶ ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ ቢያስፈራራ መሐል ገብቼ እመልሰው ነበር፤ ለዚያ ለዚያማ ማን ብሎኝ! ስንቁን ይዞ ለሚመለስ ሰው ግን ምን ይባላል? አንድም ቅዳሜ ቀርቶ የማያውቅ ሰው፣ መጥቶ ነው የቀረው።

ሰኞ እማማ ማሪቱ ምራታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ዓለሚቱንም ይዘዋት ሄዱ። ለሎንቺናው ረዳት “ሁለት አራስ አለኝ፣ ከፊት አስቀምጥልኝ” ሲሉ ሰምቻለሁ። ይቅርታ ልላት ነበር። ቆቤን አስተካክዬ፣ የምለውን አዘጋጅቼ ወጣሁ፤ መኪናው ቀደመኝ። ለዓመታት እንዲህ ብዬ ነው የማወራው፤ “መኪናው ቀደመኝ።” እውነቱን ካላችሁ እርምጃዬን አላፈጠንኩም።

ከዚያ በኋላ ለጊፋታ ጎረቤቶቼ አናታቸውን ቅቤ ሲቀቡ እኔ ራሴን ያመኛል እያልኩ እሸሻለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ “ነርስ ሆነሽ ቅቤ ትጠየፊያለሽ?” ይለኝ ነበር። ሥራዬ ላይ ግን አልሸሸሁም። ከዓለሚቱ በኋላ ለመጣችው ልጅ መጀመሪያ መርፌውን ወጋሁ፤ ከዚያ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። “ማን ነው?” የሚለውን ጥያቄ ዳግም ከአፌ አላወጣሁትም፤ ባልደረቦቼ ታመመች እንዴ አሉኝ። ዓመታት አልፈው የክፍሉ ኃላፊ ስሆን መጀመሪያ ያደረግኩት ስድስተኛውን አልጋ ከአራሶቹ መካከል ማውጣት ነው። አንዲት ዕቃ ቤት ነበረች፤ አስጠርጌ፣ ኖራ አስቀብቼ፣ አልጋውን እዚያ አስገባሁ። መጋረጃውን የሰፋልኝ ያው የአራዳው ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱም አርጅቶ ነበር፣ እኔም ወገቤ ጠፍቶ ነበር፣ ሁለታችንም ስለ ወገቡ አላነሳንም። በእኔ ሥር የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር፤ በር ላይ ቆሞ የታካሚ ነገር ያወራ ከሲስተር ጋር ነው ጠቡ። በዚህ እኮራለሁ፤ ትሕትና ይጎድላታል የሚል ካለም ይበል።

መንግሥት ተለወጠ፣ ጋሪ ጠፋ፣ ካሴት ቤቷም የስልክ መሸጫ ሆነች። ሕጉም እንደ ድሮው ጥብቅ መሆኑ ቀርቶ፣ ለሚፈቅዳቸው ምክንያቶች አገልግሎቱ በጤና ጣቢያ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ የሚሰጥ ሆነ። ሥልጠና ሲመጣ ከእኔ ብዙ የምታንስ አሠልጣኝ ፊታችን ቆማ “ለታካሚዋ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ምንድን ነው?” አለች። ሌሎቹ ዕድሜ አሉ፣ አድራሻ አሉ። እኔ “ሕመም አለሽ ወይ ነው” አልኩ። “ጎበዝ፣ ይሄን የት ሠለጠንሽ?” አለችኝ። “ከቤሌ በመጡ ሴት” አልኳት። አልገባትም፤ ግን በደብተሯ ጻፈችው። ሁሉም ነገር ተስተካከለ እያልኩ አይደለም። ዛሬም አውቶቡስ ላይ ዘመድ እንዳያያት ፈርታ ከበዴሳ በሞተር ተጭና፣ መንደር ውስጥ ያልሆነ ነገር ጠጥታ፣ ዘግይታ የምትደርስ ልጅ አለች። “እዚያ የማውቀው ሰው ይሠራል” ብላ ከጤና ጣቢያው በር የምትመለስም አለች። ሕጉ ቢላላም የሰው ምላስ እንዳለ ነው። ቢሆንም ከየት እንደተነሣን አውቃለሁ፤ መርፌውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝና።

“ሲስተር፣ እኔ እዚህ ነው የምወርደው” አለች ባለቅቤዋ ሴት። ባጃጁ አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሟል። መውረጃዬ አልነበረም፤ ግን እኔም ወረድኩ።

“የት ነው የምታውቂኝ?” አልኳት።

“መልክዎን እንኳ ረስቼው ነበር። ድምፅዎን ነው ያወቅኩት።” መነጽሯን አወለቀች። “ስድስተኛው አልጋ። መስኮቱ ሥር።”

የጤና ጣቢያውን አጥር ያዝኩ። ክንዴን ይዛ ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። የዚያን ሰኞ ያዘጋጀሁት ንግግር የት እንደገባ አላውቅም።

“ያን ቀን የጮህኩት እኔ ነኝ” አልኩ፣ የማታውቀውን ነገር እንደምነግራት ሁሉ። “ይቅር በይኝ።”

ኮባውን ጭኗ ላይ አመቻቸች። “አባቴ እስኪሞት ድረስ አላነጋገረኝም” አለች። አልተቆጣችም፤ ያለውን ነገር ነው የተናገረችው። “እማማ ማሪቱ አርባ ቀን እንደ አራስ አስተኙኝ። ገንፎ እያበሉ፣ ገላዬን እያጠቡ። ከዚያ እዚያው ቤሌ ትምህርቴን አስጨረሱኝ። አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ሦስት ወለድኩ፤ ለሦስቱም አናቴን የቀቡኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ታሞ ሊሞት ሲል ሄጄ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ግድግዳ ማየት ምን እንደሆነ ስለማውቅ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሦስት ቀን።”

ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

“ይቅርታውን ከቆየ አድርጌዋለሁ” አለች። “ለእርስዎ ብዬ አይደለም፤ ቂም ይዤ ልጆች ማስተማር ስላልቻልኩ ነው። መርሳት ግን አልረሳሁም፣ ሲስተር። ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ከፈለጉ ይጻፉት። ስሜን ብቻ አይጥሩ፤ የአልጋዬን ቁጥር አይቀይሩ።”

“ቅቤው ለማን ነው?” አልኩ፣ ወዲያውም ምላሴን ነከስኩ።

ሳቀች። “ለወንድሜ ልጅ ነው፤ እዚህ ሶዶ ትማራለች። ዛሬ ውስጥ ናት።”

“አባቷ ያውቃል?”

“የደወለልኝ ራሱ ነው። ነገ ቅዳሜ አይደል? ስንቋን ይዞ ይመጣል።”

እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩ፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም። ልጅቷ ፅንሱን ለማቋረጥ ሕጉ የሚፈቅደው ምክንያት ነበራት። ከዚያ ያለው የእሷ ነው፤ አልጽፈውም።

ተነሥተን ወደ ክፍሉ ሄድን። በሩ ላይ የቆመችው ነርስ በእኔ ሥር የተለማመደች ልጅ ናት፤ ጉንጬን ስማ “ሲስተር፣ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ?” አለችኝ። “ደኅና ነኝ፣ ልጅቷን አይተናት እንውጣ” ብዬ እግሬን አነሣሁ።

“የትኛዋን ልጅ?” አለች ፈገግ ብላ፣ በሩን ሳትለቅ።

“ውስጥ ያለችውን ነዋ!”

“ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር አልናገርም፣ ሲስተር። ስማችሁን ልውሰድ፤ ፈቃደኛ የሆነ ካለ እጠራችኋለሁ።”

“እኔንም?”

“እርስዎንም።” በሩን በቀስታ ዘጋችብን።

ደሜ ፈላ። ይህን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁ? ወንበሩ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና ለሁለት ደቂቃ ያህል አኮረፍኩ። ዓለሚቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። በሦስተኛው ደቂቃ እኔም ሳቅኩ። በዚያን ሐሙስ ይህች ነርስ በእኔ ቦታ በሩ ላይ ቆማ ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩና ሳቄን አቆምኩ። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና “ሁለታችሁም ግቡ ብላለች” አለችን።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መጋረጃ። ልጅቷ ትራስ ተደግፋ ስልኳን ይዛለች። ለጊፋታ ብላ ሹሩባ ተሠርታለች፤ ቀጫጭን፣ የሚያምር ሹሩባ። ፊቷ ደከም ብሏል፣ ዐይኗ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው። አክስቷ ኮባውን ስትፈታ ያየች ጊዜ ስልኩን ጣለችው።

“አክስቴ፣ ቅቤ! ይሄ ሹሩባ እኮ ሦስት ሰዓት ነው የፈጀው! ክላስ ውስጥ ምን ልሸት ነው?”

“ትንሽ ብቻ” አለች ዓለሚቱ። “መሐሉ ላይ።”

“ሕመም አለሽ?” አልኳት እኔ።

“ቀድመው ማስታገሻ ሰጥተውኛል። አሁን ቀሎኛል።”

“ምን ጠየቁሽ?”

ትንሽ አሰበች። “‘ምን እንርዳሽ?’ ነው ያሉኝ” አለች፣ ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ እንዴ በሚል ዐይን እያየችኝ። ከዚያ ቃተተችና ራሷን ወደ አክስቷ ዘንበል አደረገች። “እሺ በቃ። ትንሽ ግን።”

ዓለሚቱ እጇን ቅቤው ውስጥ አልከተተችም። የተፈታውን ኮባ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ ዘረጋችው።

“እርስዎ ይቀቧት” አለች። “ዝም ብለው።”

ቅቤው ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። በሁለት ጣቴ ጥቂት አነሣሁና በሹሩባዎቹ መካከል ባለችው መስመር ላይ፣ አናቷ ላይ አኖርኩት። ምርቃት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ቅቤው ቀልጦ ወደ ግንባሯ ሲወርድ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት።